የብርቱካንና የሎሚ ጣዕም በናኖ ሽፋን፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ጁስ ቤትና ኬክ ቤት ያላቸው ሰዎች፣ የምግብ ሳይንስ ተማሪዎችና ጾመኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ነገሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ብርቱካን ስትልጡ እጃችሁ ላይ ብን የሚለው ሽታ ያለው ነገር ዘይት ነው። የሚገኘው ልጣጩ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። ብርቱካንን ብርቱካን፣ ሎሚን ሎሚ የሚያሰኘው መዓዛ በአብዛኛው ከዚህ ዘይት ይመጣል። ፋብሪካዎች ልጣጩን ሳያሞቁ ጨምቀው ያወጡታል። መጠኑ ግን ጥቂት ነው፤ ከ100 ኪሎ ብርቱካን የሚገኘው ዘይት ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው።

ናኖ ሽፋን ማለት ይህን ዘይት እጅግ ጥቃቅን ጠብታ አድርጎ እያንዳንዱን ጠብታ በሚበላ ነገር ማልበስ ነው። ዘይቱ እንዳይተን፣ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንዳይበላሽ፣ ውኃ ውስጥም በቀላሉ እንዲገባ ተብሎ ይሠራል።

የገዛሁት የብርቱካን ፍሌቨር ከጊዜ በኋላ ለምን አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መልሱም የጉዳዩ ሥር ነው። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊሞኒን የሚባል ውህድ ነው። ሊሞኒን ኦክስጅን ካገኘ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቀስ እያለ ወደ ሊሞኒን ኦክሳይድ፣ ካርቮንና ካርቪዮል ይለወጣል። ቀለም ቀቢ የሚጠቀምበትን አኳራጅ የሚያስታውሰው ሽታ የሚመጣው ዘይቱ በዚህ መንገድ ሲያረጅ ነው።

ሙቀትና ብርሃን ነገሩን ያፋጥኑታል። አንድ ካርቶን ፍሌቨር ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ አባይ በረሃን ያቋርጣል። ከዚያ ፒያሳ ላይ መስኮት ዳር ተደርድሮ ፀሐይ ይመታዋል። ጁስ ቤቱ ገዝቶ ግማሹን ከተጠቀመ በኋላ የጠርሙሱ ግማሽ አየር ይሆናል። እየከፈቱ በዘጉት ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል። ስለዚህ ትልቅ ጠርሙስ በርካሽ ከመግዛት ትንሽ ጠርሙስ ቶሎ ቶሎ መግዛት ያዋጣል። የተረፈውንም ወደ ትንሽ ጠቆር ያለ ጠርሙስ እስከ አፉ ገልብጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።

ሎሚ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የሎሚ መዓዛ የሚሸከመው ሲትራል የሚባል ውህድ ነው። በዘይቱ ውስጥ ያለው ድርሻ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ግን ሎሚነቱ ሄደ ማለት ነው። ሲትራልን የሚያፈርሰው ራሱ የሎሚ ውኃ አሲድ ነው። ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ናኖ ሲባል ምን ያህል ትንሽ ነው?

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚያች ፍሬ ርዝመት 100 ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን ጠብታዎች ብንደረድር 10,000 ይሰለፋሉ።

ጥብቁ ትርጉም ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለውን ይይዛል። የምግብ ባለሙያዎች ግን ለቀቅ አድርገው እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ያለውንም ናኖ ይሉታል። ገበያ ላይ ያለው የዱቄት ፍሌቨር አብዛኛው በሙቅ አየር ተረጭቶ የደረቀ ነው። የዱቄቱ ቅንጣት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሜትር ይሆናል (አንድ ማይክሮሜትር 1,000 ናኖሜትር ነው)፤ ይህ ከናኖ በጣም ይርቃል። መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ሥራ ከናኖው የሚሻለው እሱ ነው፤ ምክንያቱን ታች ታዩታላችሁ።

ሽፋኑ ከምን ይሠራል?

ብዙ ምርጫ አለ። ለብርቱካንና ለሎሚ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው ግን የግራር ሙጫ ነው። በንግዱ ዓለም ገም አረቢክ ይባላል፤ የምርት መለያ ላይ ኢ 414 ተብሎ ይጻፋል። ሙጫው አብዛኛው የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በላዩ ጥቂት ፕሮቲን ተያይዞበታል። ፕሮቲኑ የዘይቱን ጠብታ ይይዛል። ስኳሩ ወደ ውኃው ይዘረጋል፤ ጠብታዎቹ ሲጠጋጉም ያራርቃቸዋል። አንዱ ሌላውን ነክቶ የማይዋሃደው ለዚህ ነው።

አገራችን ይህን ሙጫ ከቆላማ አካባቢዎቿ ሰብስባ ወደ ውጭ ትልካለች። ጥሬውን ሸጠን ውጭ አገር የተሠራበትን ፍሌቨር መልሰን መግዛታችን ያንገበግበኛል። አንድ ነገር ልጨምር። መተማና ቋራ የሚታወቁበት እጣን ለዚህ ሥራ አይሆንም። እጣን የራሱ ኃይለኛ ሽታ አለው፣ አብዛኛው ክፍሉም ውኃ ውስጥ አይሟሟም። «ሙጫና እጣን» ተብለው አብረው ስለሚጠሩ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

ከሙጫው ሌላ በኬሚካል የተሻሻለ ስታርች (ኢ 1450)፣ ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን፣ የወተት ፕሮቲኖች፣ የበቆሎ ፕሮቲን የሆነው ዜይን፣ እንዲሁም ዘይትንና ውኃን የሚያስማሙት ሌሲቲን (ኢ 322) እና ሰው ሠራሹ ፖሊሶርቤት 80 (ኢ 433) ይሠራባቸዋል። ሳይክሎዴክስትሪን (ኢ 459) ደግሞ ከስታርች የሚሠራ የቀለበት ቅርጽ ያለው ሞለኪውል ነው። የቀለበቱ መሐል ውኃን ይሸሻል፤ ስለዚህ አንድ የሊሞኒን ሞለኪውል ገብቶ ይቀመጥበታል። ከሁሉም ትንሹ ሽፋን እሱ ነው።

ሙጫው ደካማ ጎን የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ከዘይቱ ጋር እኩል ክብደት። ጠብታውንም በጣም ትንሽ ማድረግ ይከብደዋል። እንደ ውኃ የጠራ መጠጥ የሚፈልግ ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፖሊሶርቤት ይሄዳል።

ቫይታሚን ሲ አለው?

የለውም። ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ስለሆነ ከልጣጩ ዘይት ጋር አይወጣም። «የብርቱካን ጣዕም» የሚል ጠርሙስ ስላያችሁ ብቻ ልጃችሁ ብርቱካን በላ ማለት አይደለም። ፋብሪካው ቫይታሚኑን ለብቻው ጨምሮ ከሆነ መለያው ላይ ይጽፈዋል።

ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አንገት ላይ የሚታየው የዘይት ቀለበት ምንድን ነው? ናኖ ይከላከለዋል?

ቀለበቱ ወደ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት ነው። የብርቱካን ዘይት በአንድ ሚሊሊትር 0.84 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስኳር የገባበት ውኃ ደግሞ ከ1 ግራም በላይ ነው። ትልልቅ ጠብታዎች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጡና አንገቱ ጋ ይሰበሰባሉ።

ፋብሪካዎች የቆየ መላ አላቸው፤ ዘይቱን የሚያከብድ ነገር ይቀላቅሉበታል። ከእነዚህ አንዱ ብሮሚን የተጨመረበት የአትክልት ዘይት (ኢ 443) ነበር። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2024 ፈቃዱን ሰርዛዋለች፤ በአውሮፓ ኅብረትም አይፈቀድም። መለያ ላይ ካያችሁት ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መልሱት። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ከጥድ ሙጫ የሚዘጋጀው ኢ 445 ነው።

ናኖ ሌላ መንገድ ይሰጣል። ጠብታው ከ100 ናኖሜትር በታች ሲሆን የውኃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፉት ሳይንሳፈፍ ይቆያል። ብርሃንንም ብዙ አይበትንም። ለዓይን የሚታይ ብርሃን ሞገዱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሆነ፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ጠብታ መጠጡን አያደፈርሰውም። ደመናማ የብርቱካን መጠጥና እንደ ውኃ የጠራ የሎሚ መጠጥ የሚለያዩት በአብዛኛው በዚህ ነው።

ይሁንና ሊሞኒን ጥቂትም ቢሆን ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ከትንንሾቹ ጠብታዎች እየወጣ ወደ ትልልቆቹ ይገባል። ትንንሾቹ ይጠፋሉ፣ ትልልቆቹ ይፋፋሉ። ዛሬ የጠራው መጠጥ ከሳምንታት በኋላ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። መፍትሔው ጠብታው ውስጥ እንደ በቆሎ ወይም ሱፍ ዘይት ያለ፣ ውኃ ውስጥ ጭራሽ የማይሟሟ ዘይት ጥቂት መቀላቀል ነው። እሱ ከጠብታው መውጣት ስለማይችል ሊሞኒኑንም ያስቀረዋል።

ኬክ ውስጥ ብጨምረው ከምድጃው ይተርፋል?

ያልተሸፈነው ብዙው ይሄዳል። ሊሞኒን የሚፈላው 176 ዲግሪ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው «ኬኩ መሐል እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ ይተርፋል» ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ሊሞኒኑን አብሮ ይዞት ይወጣል። ከልጣጭ ዘይት በእንፋሎት የሚወጣበት ዘዴም የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ነው። እንፋሎቱ በዝቅተኛ ሙቀት ይጀምራል፤ መዓዛውም እንደዚያው። የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ ለተጻፈ የኬክ አሠራር የተመደበ የፍሌቨር መጠን እዚህ ቢያንሳችሁ አይግረማችሁ።

የተሸፈነው የተሻለ ይተርፋል፤ የሚወስነው ግን የሽፋኑ ዓይነት ነው። ውኃ ሲነካው የሚሟሟ ሽፋን ሊጡ ውስጥ ገና ሲቦካ ዘይቱን ይለቀዋል። ሳይክሎዴክስትሪን ሙቀትን በደንብ ይችላል። ስብ ለብሶ የመጣ ዱቄትም ስቡ እስኪቀልጥ ይታገሣል። ናኖ የሆነ ፈሳሽ ግን ለኬክ ብዙ ትርፍ የለውም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ጥሬ ልጣጭ የምትጠቀሙ ከሆነ ፈቅፍቃችሁ መጀመሪያ ከቅቤው ወይም ከዘይቱ ጋር አሹት። ሊሞኒን ስብ ውስጥ መቆየት ይወዳል።

ቤት ውስጥ መሥራት እችላለሁ?

ናኖውን አትችሉም። የቤት ብሌንደር ጠብታውን ወደ ጥቂት ማይክሮሜትር ያወርደዋል፤ ከዚያ አያልፍም። ናኖ የሚያደርገው መሣሪያ ፈሳሹን ከ500 ባር በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 2,000 ባር ግፊት በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፍ ነው። የአልትራሳውንድ መሣሪያም አለ፤ እሱም የላብራቶሪ ዕቃ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ጥሩ ነገር ግን አለ። ከቅዳሜ ገበያ የገዛችሁትን ሎሚ ወይም ብርቱካን በደንብ እጠቡ። ቢጫውን ወይም ብርቱካናማውን ክፍል ብቻ በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ፤ ነጩ መራራ ነው። ከስኳር ጋር በእጃችሁ እሹት። ስኳሩ ዘይቱን መጥጦ ይረጥባል። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ለሻይም ለኬክም ይሆናል፣ ዋጋውም የሎሚውና የስኳሩ ብቻ ነው። ከዚህ ሥራ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ፀሐይ ላይ አትውጡ። የሎሚ ልጣጭ ዘይት ውስጥ ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ ውህድ አለ፤ እንደ እሳት ቃጠሎ የሚያቆስልበት ጊዜ አለ።

ይጾማል?

እንደ ሽፋኑ ነው። ዘይቱ ራሱ ከፍሬ ነው፣ ምንም ችግር የለበትም። የግራር ሙጫ፣ ስታርች፣ ማልቶዴክስትሪን፣ ሳይክሎዴክስትሪንና ዜይን ሁሉም ከዕፅዋት ናቸው። ከወተት የሚገኙት ኬዚንና የአጓት ፕሮቲን ግን የወተት ውጤት ናቸው። ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል። ካይቶሳን የሚባለው በአብዛኛው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ይሠራል። ሌሲቲን ብዙ ጊዜ ከአኩሪ አተር ቢሆንም ከእንቁላልም ይወጣል።

መጠኑ እጅግ ጥቂት ነውና ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የእኔ ድርሻ ምን እንዳለበት መናገር ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ጥያቄው እዚሁ ነው፤ ጀላቲኑ ከምን እንስሳ እንደመጣና ፈሳሹ ፍሌቨር በአልኮል የተሟሟ መሆን አለመሆኑን መለያው ላይ ፈልጉ። ወተት፣ አኩሪ አተር ወይም ሽሪምፕ አለርጂ የሚሆንበት ሰው ደግሞ ጥቂት ናት ብሎ ማለፍ የለበትም።

ለጤና ያሰጋል?

የዚህ ጥያቄ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ ሰውነታችን ውስጥ የሚገባ ነገር ነውና። መለየት ያለብን ግን የሚፈጭ ናኖና የማይፈጭ ናኖ መኖሩን ነው። የዘይት ጠብታ በስታርች ወይም በፕሮቲን ተሸፍኖ ሲገባ፣ አንጀት ውስጥ ሽፋኑም ዘይቱም እንደማንኛውም ምግብ ይፈታል። እንደ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለ የማይፈጭ ማዕድን ሌላ ታሪክ ነው። አውሮፓ እሱን ከምግብ ያገደችው በፈረንጆቹ 2022 ነው።

ቢሆንም ጠብታ ሲያንስ ሰውነት የሚወስደው መጠንና ፍጥነት ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር በትልቁ ደኅና ነው ተብሎ በናኖውም ያለምርመራ ደኅና ነው አይባልም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በናኖ መልክ የሚመጣ ነገር ለብቻው እንዲገመገም መመሪያ አውጥቷል። ለሽፋኖቹም ገደብ ያላቸው አሉ። ቤታ ሳይክሎዴክስትሪን በቀን በኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው ገደቡ፤ ለ60 ኪሎ ሰው 300 ሚሊግራም መሆኑ ነው።

የገዛሁት ምርት ናኖ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በዓይን ፍንጭ ብቻ ይገኛል። ጥቂት ጠብታ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሩ። ወተት ከመሰለ ጠብታዎቹ ትልልቅ ናቸው። ጠርቶ በጎን ብርሃን ሲበራበት ሰማያዊ ጥላ ካሳየ ትንንሽ ናቸው። በአልኮል የተሟሟ ፍሌቨርም ጠብ ሲደረግ ሊጠራ ስለሚችል ይህ ማረጋገጫ አይሆንም። ትክክለኛው መለኪያ ጠብታው ብርሃን የሚበትንበትን ሁኔታ የሚያነብ መሣሪያ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሆን ተብሎ ናኖ የተደረገ ንጥረ ነገር ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ «ናኖ» ተብሎ መጻፍ አለበት። እኛ ዘንድ ምግብን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሥራውም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተደነገገ ነው። የመለያ ጽሑፍ የሌለው፣ ከትልቅ ጀሪካን ተቀድቶ የሚሸጥ ፍሌቨር ናኖ ሆነ አልሆነ አትግዙ።

ትንሽ በሆነ ቁጥር ይሻላል አይደል?

አይደለም። ብዙ ማስታወቂያ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ማይክሮሜትር የሆነችን አንዲት ጠብታ 100 ናኖሜትር ወደሆኑ ጠብታዎች ብትከፍሏት አንድ ሚሊዮን ይሆናሉ። ዘይቱ ያው ነው። የውጭ ገጻቸው ድምር ግን መቶ እጥፍ ይጨምራል። መቶ እጥፍ ገጽ ማለት ኦክስጅን የሚገባበት መቶ እጥፍ በር ማለት ነው። ሽፋኑ ደካማ ከሆነ ናኖው ከተራው ቀድሞ ይበላሻል። ያን ሁሉ ገጽ ለመሸፈን ደግሞ ብዙ ሽፋን ያስፈልጋል፤ ለዘይቱ የሚቀረው ቦታ ያንሳል፣ ዋጋው ይወጣል።

ዘይቱን የሚጠብቀው ሽፋኑ ነው። ትንሽነቱ የሚጠቅመው መጠጡ እንዲጠራና እንዳይንሳፈፍ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ። በደረቅ ዱቄት ውስጥ ጠንካራ፣ እንደ መስታወት የደደረ ሽፋን ኦክስጅንን በደንብ ይከለክላል። እርጥበት ከጠጣ ግን ይለሰልሳል። በክረምት የዱቄት ጁስ ከረጢት ከፍታችሁ ስትተዉት የሚጓጉለው ለዚህ ነው፤ የጓጎለ ዱቄት መዓዛውን ማጣት ጀምሯል።

ሎሚ መጠጥ ውስጥ ያለውን ሲትራል ሽፋኑ ከአሲድ ያድነዋል?

በከፊል። ሲትራል ከሊሞኒን ይልቅ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ፈሳሽ መጠጥ ውስጥ ከጠብታው እየወጣ ወደ ውኃው ይገባል። ውኃው ኮምጣጣ ስለሆነ እዚያ ይፈርሳል። ከፈረሰው በፋንታ ሌላ ይወጣል። ጠብታው ሙሉ ቢመስልም ሲትራሉ ቀስ በቀስ ያልቃል። ከፍርስራሹ ከሚወጡት አንዱ ፓራ ክሬዞል ነው፤ ጥቂቱ ብቻ መጠጡን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል።

የሚረዱ ነገሮች አሉ። ሲትራሉ እንዳይወጣ ጠብታው ውስጥ ሌላ ዘይት መጨመር አንዱ ነው። በአሲድ ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት የሚይዝ ሽፋን፣ ለምሳሌ ካይቶሳን፣ የአሲዱን አዎንታዊ ቅንጣቶች ከጠብታው ገሸሽ ያደርጋቸዋል። ኦክስጅንን ማስወጣት መጀመሪያውን የአሲድ መፍረስ አያቆምም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መጥፎ ሽታ ግን ይቀንሳል። ቅዝቃዜ ሁሉንም ያዘገያል።

ለጁስ ቤት ይህ ማለት የሎሚ መጠጥ አዘጋጅቶ ቀናት ማሳደር አይሆንም ማለት ነው፣ ፍሌቨሩ የቱንም ያህል ቢሸፈን። የሎሚ ፍሌቨሩን በዱቄት መልክ ያዙት፣ ከረጢቱን ከእርጥበት ጠብቁት፣ ውኃውን ደንበኛው ሲያዝ ጨምሩ።